ሐዲዱ ሌላ፣ ማደያው ሌላ፦ ሃሪኬን የጭነት ባቡርንና የነዳጅ ዋጋን የሚመታው እንዴት ነው?

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 ማብቂያ ሃሪኬን ሄሊን በፍሎሪዳ በኩል ገብቶ እስከ ሰሜን ካሮላይናና ቴነሲ ተራሮች ዘለቀ። የኖሊቸኪ ወንዝ ሞልቶ በሸለቆው ውስጥ የሚያልፈውን የሲኤስኤክስ ኩባንያ ሐዲድ ከነመሠረቱ ጠርጎ ወሰደው፤ መስመሩ እንደገና እስኪከፈት አንድ ዓመት ያህል ፈጀ። የቤንዚን ዋጋ ግን ንቅንቅ አላለም ማለት ይቻላል። ከዚያ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በኦገስት 2017፣ ሃሪኬን ሃርቪ የሂዩስተንን አካባቢ ሲያጥለቀልቅ የሆነው ተቃራኒው ነው። አብዛኛው ሐዲድ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ሥራ ሲጀምር፣ የአሜሪካ አማካይ የቤንዚን ዋጋ በአንድ ሳምንት በጋሎን ከ2.40 ዶላር ወደ 2.68 ዶላር ዘለለ።

አውሎ ነፋስ በመጣ ቁጥር "ባቡር ቆመ፣ ነዳጅ ተወደደ" የሚል ዜና ይሰማል፤ አድማጩም አንዱ የሌላው ምክንያት ይመስለዋል። በሁለቱ መካከል ግንኙነት አለ፣ አቅጣጫው ግን የተገላቢጦሽ ነው። ሐዲድ ስለተሰበረ ቤንዚን አይወደድም። ናፍጣ ስለተወደደ ግን የባቡር ጭነት ይወደዳል፤ እሱም ወዲያው ሳይሆን ሁለት ወር ያህል ዘግይቶ ነው። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የመታው የ2005ቱ ካትሪና ስለሆነ ነገሩን በእሱ ማየት ይሻላል። (ቀኖቹ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ውሃው ሐዲዱን ምን ያደርገዋል?

ካትሪና ኦገስት 29 ቀን 2005 ሉዊዚያና ውስጥ ቡራስ በተባለች ስፍራ ወደ የብስ ገባ። ለባቡር ሰዎች ከነፋሱ ይልቅ የከፋው ነፋሱ ከፊቱ ገፍቶ ያመጣው የባሕር ውሃ ነበር። ሚሲሲፒ ውስጥ ፓስ ክርስቲያን በተባለችው ከተማ ውሃው እስከ 8.5 ሜትር ከፍ ብሏል። ከኒው ኦርሊንስ አላባማ ውስጥ ወዳለችው ሞቢል ከተማ የሚሄደው የሲኤስኤክስ መስመር ደግሞ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተዘረጋ፣ ባሕሩን ታክኮ የሚሄድና ከአንዱ የባሕር ወሽመጥ ወደ ሌላው በረጃጅም ድልድዮች የሚሻገር ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ውሃ ከዚህ የበለጠ የተጋለጠ ቦታ ማግኘት ይከብዳል።

የባቡር መንገድ ጥንካሬው ከብረቱ ሳይሆን ከሥሩ ካለው ጠጠር ነው። ጠጠሩ የባቡሩን ክብደት ለአፈሩ ያካፍላል፣ ውሃ ያሳልፋል፣ አግዳሚ እንጨቶቹም ወደ ጎን እንዳይንሸራተቱ ይይዛቸዋል። ጎርፍ ከሐዲዱ በላይ አልፎ ወደ ሌላው ወገን ሲወርድ ይህን ጠጠር ከሥሩ እየበላ ይሄዳል፤ በመጨረሻ ሐዲዱ ከነእንጨቶቹ እንደ ገመድ መሰላል አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ይህ የሚያስፈራ ቢመስልም ከሁሉም ቀላሉ ጉዳት ነው። ጠጠር የጫነ ባቡር ደርሶ ይደፋል፣ መጠቅጠቂያ ማሽን ሐዲዱን እያነሳ ያስተካክላል፣ የመጀመሪያዎቹ ባቡሮች በሰዓት 10 ማይል ገደማ እያዘገሙ ያልፉበታል፣ ጠጠሩ ሲረግጥ ፍጥነቱ ይጨመራል።

ከባዱ ድልድይ ነው፤ እዚህ ላይ በአንድ ማዕበል የተመቱ ሁለት ኩባንያዎች የገጠማቸው ዕጣ ይለያያል። የኖርፎክ ሳውዘርን ድልድይ ፖንቻርትሬይን ሐይቅን የሚያቋርጠው 5.8 ማይል ያህል ተዘርግቶ ነው። ውሃው በላዩ ላይ የነበረውን ሐዲድ ለብዙ ማይል ገፍቶ ሐይቁ ውስጥ ጣለው፤ የኮንክሪቱ አካል ግን ቆሞ ቀረ። ሠራተኞች ክሬን እያመጡ የሰመጠውን ሐዲድ ከነእንጨቱ ከሐይቁ እያወጡ ወደ ቦታው መለሱት። ከሁለት ሳምንት ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ባቡር አለፈበት። ሲኤስኤክስ በአንጻሩ እንደ ቤይ ሴንት ሉዊስና ቢሎክሲ ባሉ ወሽመጦች ላይ ድልድዮቹ ራሳቸው ተጎድተውበታል፤ መስመሩን ለመክፈት አምስት ወር ያህል፣ እስከ ጃንዋሪ 2006 መጨረሻ ድረስ ፈጅቶበታል፤ ወጪውም በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር የሚቆጠር ነበር። ስለዚህ "ስንት ማይል ሐዲድ ተበላሸ?" የሚለው ጥያቄ ብዙም አይጠቅምም። መልስ የሚሰጠው የድልድዩ ምሰሶና አካል ቆሟል ወይስ አልቆመም የሚለው ነው። ከላይ ቆሞ የሚታይ ድልድይም ቢሆን ውሃው የምሰሶውን ግርጌ ቆፍሮት እንደሆነ ጠላቂዎች ወርደው ሳያዩ ባቡር አይለቀቅበትም። መርከብ ለማሳለፍ የሚከፈቱ ድልድዮች ደግሞ ሌላ ጣጣ አላቸው፤ የሚያንቀሳቅሷቸው ሞተሮችና የኤሌክትሪክ ሳጥኖች ጨዋማ ውሃ ከገባባቸው ብረቱ ደህና ሆኖ እንኳ ድልድዩ ከፍቶ መዝጋት ያቅተዋል።

የባቡር ኩባንያዎች ይህን ስለሚያውቁ አውሎ ነፋሱ ከመድረሱ ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብለው መሥራት ይጀምራሉ። መጀመሪያ ወደ አካባቢው የሚላክ ጭነት እንዳይጫን እገዳ ያወጣሉ። ቀጥሎ ሎኮሞቲቮችንና ፉርጎዎችን ወደ ከፍታ ቦታ ያሸሻሉ። ነፋስ ሰብሮ እንዳይወስዳቸው የመኪና ማቋረጫ ክንዶችን ይፈታሉ፤ ጄኔሬተርና ጠጠር የጫኑ ፉርጎዎችን ከአደጋው ክልል ወጣ አድርገው ያዘጋጃሉ። ሎኮሞቲቭ የሚሸሸው በምክንያት ነው። መንኮራኩሩን የሚያዞሩት የኤሌክትሪክ ሞተሮች የተሰቀሉት መንኮራኩሮቹን ከሚያያይዘው ዘንግ (አክስ) አጠገብ፣ ከሐዲዱ ትንሽ ከፍ ብለው ስለሆነ፣ በጥቂት ሴንቲሜትር ውሃ ውስጥ መንዳት እንኳ ሊያቃጥላቸው ይችላል። ፉርጎም ቢሆን የመንኮራኩሩ ኩሽኔታ አንዴ ውሃ ውስጥ ከሰመጠ ሳይመረመር ወደ ሥራ አይመለስም። ውሃ ከግራሶው ጋር ከተቀላቀለ ኩሽኔታው ጉዞ ላይ ይግላል፣ አክሱ ይቆረጣል፣ ባቡሩ ከሐዲድ ይወጣል። የሲኤስኤክስ የጀንቲሊ ባቡር ጣቢያ ኒው ኦርሊንስ ውስጥ በውሃ ሲዋጥ፣ ውሃው ከሸሸ በኋላም ሥራው አላለቀም የተባለው በዚህ ነው።

መስመሩ ሲዘጋ ጭነቱ በሌላ መንገድ ይዞራል። ኒው ኦርሊንስ ስድስት ትልልቅ የባቡር ኩባንያዎች ጭነት የሚቀባበሉባት በር ናት፤ የምሥራቁ ከምዕራቡ የሚገናኘውም በ1935 በተሠራው የሂዩይ ሎንግ ድልድይ ላይ ነው። በሩ ሲዘጋ ጭነቱ ወደ ሜምፊስ፣ ወደ ሴንት ሉዊስ፣ አንዳንዱም እስከ ቺካጎ ይወጣል። ካርታ ላይ መስመር ማስመር ቀላል ነው፤ ሥራው ላይ ግን ሦስት ነገር ያንቃል። አንደኛ፣ ባቡር ነጂ የማያውቀውን መስመር ብቻውን መንዳት አይፈቀድለትም፤ የዚያ መስመር ሰው አብሮት መውጣት አለበት። ሁለተኛ፣ ሠራተኛ በሕግ ከ12 ሰዓት በላይ መሥራት ስለማይችል መጨናነቅ ውስጥ የቆመ ባቡር ነጂው ሰዓቱ አልቆበት እዚያው ይቀራል። ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው፤ ሰባት ቀን ይፈጅ የነበረ ጉዞ 12 ቀን ሲፈጅ፣ ያንኑ ጭነት ለማመላለስ ወደ ሁለት እጥፍ የሚጠጋ ፉርጎ ያስፈልጋል። ስለዚህ አውሎ ነፋሱን በዓይኑ ያላየ የአዮዋ ገበሬ የእህል ፉርጎ ያጣል።

የዙሩ የነዳጅ ወጪም በቀላሉ የሚሰላ ነው። የአሜሪካ የባቡር ማኅበር እንደሚለው ባቡር በአንድ ጋሎን ናፍጣ አንድ ቶን ጭነት 480 ማይል ያህል ይወስዳል። 4,000 ቶን የጫነ ባቡር 300 ማይል ተጨማሪ ቢዞር 2,500 ጋሎን ያቃጥላል ማለት ነው። ናፍጣ 2.90 ዶላር በሆነ ጊዜ ይህ ለአንድ ባቡር ብቻ 7,250 ዶላር ነው።

ማደያው ላይ ዋጋውን የሚሰቅለው ማን ነው?

የአሜሪካ ቤንዚን ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ወደ ምሥራቅ የሚሄደው በዋናነት በቧንቧ ነው። ከሂዩስተን ተነስቶ እስከ ኒው ጀርሲ የሚዘልቀው የኮሎኒያል ቧንቧ በቀን 100 ሚሊዮን ጋሎን ያህል ያጓጉዛል። አንድ ታንከር ፉርጎ 30,000 ጋሎን ገደማ ይይዛል። ያንን ቧንቧ በባቡር ለመተካት በየቀኑ ከ3,300 በላይ ፉርጎ፣ ማለትም እያንዳንዳቸው 100 ፉርጎ የሚጎትቱ 33 ባቡሮች ያስፈልጋሉ፤ ባዶዎቹ ሲመለሱ ያለውን ሳንቆጥር። የሚጭንም የሚያራግፍም ዴፖ በዚህ መጠን የለም። ሐዲድ ሲሰበር ቤንዚን የማይወደደው፣ ቧንቧ ሲቆምም ባቡር የማያድነው በዚህ ስሌት ነው።

በካትሪና ጊዜ ቧንቧው አልተሰበረም። የቆመው መብራት ስለጠፋ ነው። የኮሎኒያልና ፕላንቴሽን የተባለው ሌላው ትልቅ የነዳጅ ቧንቧ ፓምፖች በኤሌክትሪክ ስለሚሠሩ፣ በሚሲሲፒና በሉዊዚያና መስመሮች ሲወድቁ ሁለቱም ቆሙ፤ ከዚያ በጄኔሬተርና በከፊል ኃይል እያዘገሙ ተነሱ። እንዲህ ያለ ቧንቧ ሁልጊዜ ሙሉ ነው። ከዚህ ጫፍ ካልተገፋ ከዚያ ጫፍ አንዲት ጠብታ አይወጣም፤ ስለዚህ እጥረቱ ቧንቧውን ተከትሎ ቀስ ብሎ አይጓዝም፣ በየዴፖው በአንድ ጊዜ ይጀምርና ታንኩ አነስተኛ የሆነበት ቀድሞ ይደርቃል። ኒው ዮርክ ወደብ ስላለው ከአውሮፓ መርከብ ያስመጣል። አትላንታ፣ ሻርለትና ናሽቪል ግን ባሕር የላቸውም። በ2008 ከሃሪኬን አይክ በኋላ በእነዚህ ከተሞች ለሳምንታት ማደያዎች የደረቁትና ወረፋ የተሰለፈው ለዚህ ነው። ብዙ ሐበሻ አትላንታ ውስጥ በታክሲ፣ በኡበርና በጭነት መኪና የሚተዳደር ስለሆነ፣ ቴክሳስ ላይ የወረደ ዝናብ የእሱን የዕለት ገቢ የሚነካው በዚህ ቧንቧ በኩል ነው።

ማጣሪያዎቹም ከመብራት አያመልጡም። አውሎ ነፋስ ሲቃረብ ማጣሪያ ራሱን በሥርዓት ያበርዳል፤ ሳይዘጋጅ መብራት ቢጠፋበት ግን ትኩሱ ዘይት በቧንቧና በማሞቂያው ውስጥ ወደ ከሰልነት ተለውጦ ይጋገራል። ምንም ጉዳት ያልደረሰበት ማጣሪያ እንኳ እንፋሎቱን አንስቶ፣ ክፍሎቹን አንድ በአንድ አሙቆ ደረጃውን የጠበቀ ቤንዚን እስኪያወጣ ድረስ ከብዙ ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ሊፈጅበት ይችላል። ጨዋማ ውሃ የገባበት ከሆነ ጉዳዩ የወራት ነው። ሞተሮቹ እየተፈቱ በንጹህ ውሃ ይታጠባሉ፣ በምድጃ ይደርቃሉ፣ የሽቦ ሽፋናቸው ይለካል፤ ብዙዎቹ ፈተናውን አያልፉም። ሜሮ በተባለው የሉዊዚያና አካባቢ በካትሪና ጎርፍ የተነሳ አንድ የድፍድፍ ታንክ ከመሠረቱ ተነቅሎ አንድ ሚሊዮን ጋሎን ያህል ዘይት ወደ መኖሪያ ቤቶች ፈስሷል። ታንክ ባዶ ሲሆን ይንሳፈፋል፤ ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው ማጣሪያዎች ማዕበል ሲመጣ ታንኮቻቸውን አስቀድመው የሚሞሉት፣ ሌላ ካጡም በውሃ።

ባቡሩ በዚህ ታሪክ ውስጥ ጨርሶ ቦታ የለውም ማለት አይደለም፤ በጓሮ በር ይገባል። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው ቤንዚን በአብዛኛው 10 በመቶ ኢታኖል (በአብዛኛው ከበቆሎ የሚሠራ አልኮል) የተቀላቀለበት ነው። ኢታኖል ውሃ ስለሚስብ በተለምዶ በቤንዚን ቧንቧ አይላክም፣ አብዛኛው ከመካከለኛው ምዕራብ የሚመጣው በባቡር ነው። ማጣሪያ ደግሞ ቤንዚን ብቻ አያወጣም። ድኝ፣ ፕሮፔን፣ የነዳጅ ከሰልና ያገለገለ አሲድ ይወጣሉ፤ ብዙዎቹ የሚሄዱት በፉርጎ ነው። ፉርጎው ካልመጣ ማስቀመጫው ይሞላል፣ ማጣሪያው መብራትም ድፍድፍም እያለው ምርቱን ለመቀነስ ይገደዳል። ይህ ግን ከአውሎ ነፋሱ በኋላ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት የሚታይ ችግር ነው፤ የመጀመሪያው ሳምንት የዋጋ ዝላይ የእሱ ሥራ አይደለም።

የድፍድፍ ዋጋም ሁልጊዜ አብሮ አይወጣም። ካትሪና በባሕሩ ላይ ያሉትን የድፍድፍ ማውጫ መድረኮችም ማጣሪያዎቹንም መታ፤ በባሕረ ሰላጤው ከሚመረተው ድፍድፍ ከ90 በመቶ በላይ በአንድ ወቅት ቆመ፣ በርሜሉ ከ70 ዶላር አለፈ፣ ቤንዚን በአንድ ሳምንት ከ2.61 ወደ 3.07 ዶላር ወጣ። ሃርቪ ግን ይበልጥ የጎዳው ማጣሪያዎቹን ነበር፤ ከአገሪቱ የማጣራት አቅም ሩብ ያህሉ ሥራ አቁሞ ወይም ቀንሶ ነበር። የማይሠራ ማጣሪያ ድፍድፍ አይገዛም፤ ስለዚህ ቤንዚን ሲወጣ ድፍድፍ ወረደ። በቴሌቪዥን የድፍድፍን ዋጋ ብቻ አይቶ ነገ ማደያ ምን እንደሚል የሚተነብይ ሰው እንዲህ ባለው ሳምንት ይሳሳታል።

ይህ ልዩነት ለኢትዮጵያም ባዕድ አይደለም። የአሰብ ማጣሪያ በ1997 ከተዘጋ ወዲህ አገሪቱ የምትገዛው ተጣርቶ ያለቀ ነዳጅ ነው። ሴፕቴምበር 2 ቀን 2005 ዓለም አቀፉ የኃይል ኤጀንሲ 60 ሚሊዮን በርሜል ከክምችት እንዲወጣ ሲወስን፣ የአውሮፓ ቤንዚንም በመርከብ ወደ አሜሪካ ሲጎርፍ፣ በዓለም ገበያ የተወደደው ያለቀው ነዳጅ ነበር። ድፍድፍ የሚገዛ አገር የማጣራቱን ትርፍ ለራሱ ያስቀራል፤ ያለቀውን የሚገዛ ግን እሱንም ጨምሮ ይከፍላል።

ሁለት ወር ዘግይቶ የሚመጣው ሂሳብ

የባቡር ኩባንያዎች በ2005 ገደማ በዓመት አራት ቢሊዮን ጋሎን ያህል ናፍጣ ያቃጥሉ ነበር። የዋጋውን ለውጥ ለላኪው የሚያስተላልፉት "የነዳጅ ጭማሪ" በሚባል የተለየ ክፍያ ነው። በናፍጣ ላይ የተመሠረተው አሠራር በተለምዶ እንዲህ ነው፦ የአሜሪካ የኃይል መረጃ አስተዳደር በየሳምንቱ የሚያወጣው የአውራ ጎዳና ናፍጣ ዋጋ በወሩ ይደመርና አማካዩ ይወሰዳል፤ ያ አማካይ ሥራ ላይ የሚውለው ከአንድ ወር ክፍተት በኋላ ነው። የሴፕቴምበር ዋጋ በኖቬምበር ሂሳብ ላይ ይወጣል፣ የኦክቶበሩ በዲሴምበር።

በካትሪና ዘመን ደግሞ ጭማሪው በብዙ ቦታ የሚሰላው ከጭነት ዋጋው በመቶኛ ነበር። ሁለት ፉርጎዎች እኩል ክብደት ይዘው እኩል መንገድ ቢሄዱና የአንዱ ዋጋ 3,000፣ የሌላው 1,500 ዶላር ቢሆን፣ በ12 በመቶ ስሌት አንዱ 360፣ ሌላው 180 ዶላር ይከፍላል። ሁለቱ ያቃጠሉት ናፍጣ ግን እኩል ነው። ሌላ የማጓጓዣ አማራጭ የሌለው ላኪ ዋናውን ዋጋም ውድ ይከፍላል፣ በላዩም ያላቃጠለውን ነዳጅ ይከፍላል። የባቡር ተቆጣጣሪው የምድር ትራንስፖርት ቦርድ በጃንዋሪ 2007 ይህን አሠራር ተገቢ ያልሆነ ብሎ አስቆመው፤ ብዙ ኩባንያዎችም በማይል ወደሚሰላ ጭማሪ ዞሩ። በእኔ እይታ ይህ ውሳኔ አውሎ ነፋሶቹ ካስከተሏቸው ለውጦች ሁሉ ለላኪው የሚበልጠው ነው፤ ጋዜጦች ግን እምብዛም አልጻፉበትም።

ጋዜጦቹን የያዛቸው ሌላ ክርክር ነበር። ሲኤስኤክስ የባሕር ዳሩን መስመር ሠርቶ በጨረሰ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ የሚሲሲፒዎቹ ሴናተሮች ትሬንት ሎትና ታድ ኮክራን ያንኑ አዲስ ሐዲድ ገዝቶ በቦታው መንገድ ለመሥራትና ባቡሩን ወደ መሃል አገር ለማዞር 700 ሚሊዮን ዶላር ጠየቁ። ተቃዋሚዎች "መድረሻ የሌለው ባቡር" ብለው ተሳለቁበት፣ በጀቱም ወደቀ። ሐዲዱ ዛሬም እዚያው ባሕሩ ዳር ነው። ጭነት በአምስት ወር ሲመለስ፣ በዚያው መስመር ከኒው ኦርሊንስ ወደ ሞቢል የሚሄድ የአምትራክ መንገደኛ ባቡር ዳግም የተጀመረው በኦገስት 2025፣ ከ20 ዓመት በኋላ ነው።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንመለስ። የራሱ የጭነት መኪና ያለው ሰውም ቢሆን የነዳጅ ጭማሪ ውሉ የሚመራው በዚያው ሳምንታዊ የናፍጣ ዋጋ ከሆነ፣ ውሉ የሚጠቅሰው የትኛውን ሳምንት ወይም ወር እንደሆነ ማየት ይጠቅመዋል፤ ነዳጁን የሚቀዳው በዛሬ ዋጋ ነው፣ የሚካካስለት ግን ባለፈው ሊሆን ይችላል። አውሎ ነፋስ ሲቃረብ ደግሞ ከሐዲዱ ዜና ይልቅ ሦስት ነገር መከታተል ይሻላል፦ መንግሥት በየዕለቱ የሚያወጣውን ከሥራ ውጭ የሆነ የባሕር ላይ ምርት፣ የኮሎኒያል ዋና መስመሮች መሥራት አለመሥራታቸውን፣ እና ማጣሪያዎቹ ባሉበት አካባቢ መብራት መቼ እንደሚመለስ። በ2021 በሃሪኬን አይዳ ጊዜ ወደ ኒው ኦርሊንስ ኃይል የሚያስገቡት ስምንቱም ከፍተኛ መስመሮች ሲወድቁ፣ ማጣሪያዎቹን ያቆየው ከውሃው በላይ ይህ ነበር።

በ2005 ናፍጣ ጣሪያ የነካው በካትሪና ሳይሆን ሃሪኬን ሪታ ሴፕቴምበር 24 ቀን ቴክሳስና ሉዊዚያና ድንበር ላይ ከደገመ በኋላ ነው፤ የኦክቶበር አማካይ በጋሎን ከ3 ዶላር በላይ ሆነ። ኖቬምበር ሲያልቅ ቤንዚን 2.15 ዶላር ደርሶ ካትሪና በገባ ዕለት ከነበረበት ዋጋ ወርዶ ነበር። ጭማሪው በናፍጣ የሚሰላበት ላኪ ግን በዚያው ሰሞን፣ ለዲሴምበር ጭነቱ፣ የኦክቶበሩን ዋጋ ሊከፍል ነበር።